ቁልፉ ጠረጴዛው ላይ ሲቀመጥ፦ ስለ አንድ የሴቶች ብቻ ክፍል የጉዳይ ጥናት

ለምን ጻፍኩት

ጥቃት ለደረሰባቸው ሰዎች ድጋፍ በሚሰጥ ማዕከል ውስጥ የቡድን ውይይት እመራለሁ። ብዙ ታሪክ እሰማለሁ። አብዛኛው እዚያው ክፍል ውስጥ ይቀራል፤ መቅረትም አለበት። ይህኛውን ለመጻፍ የወሰንኩት እኔው ራሴ ስለተሳሳትኩበት ነው።

«ሴቶች ብቻ የሚገቡበት ክፍል ምን ይፈይዳል?» ለሚለኝ ሰው ሁሉ ዝግጁ መልስ ነበረኝ። «ወንድ ከሌለ ይቀላቸዋል» እል ነበር። ይህች ሴት ወደ ማዕከሉ ከመጣች በኋላ ግን ያንን መልስ መስጠት ተውኩ።

ማንነቷን ሊጠቁም የሚችለውን ሁሉ አውጥቻለሁ ወይም ቀይሬያለሁ። ጽሑፉን ከማንም በፊት ያነበበችው እሷ ናት። ሁለት ዓረፍተ ነገር አስወጥታኛለች፣ አንድ ደግሞ አስጨምራኛለች።

የመጣችበት ሁኔታ

በ30ዎቹ ዕድሜ ውስጥ ያለች ሴት ናት። በትዳር 11 ዓመት ቆይታለች። የ13 ዓመት ወንድ ልጅ እና የ6 ዓመት ሴት ልጅ አላት። ወደ እኛ የላከቻት አንዲት የጤና ባለሙያ ናት። ስትመጣ ከቤት ወጥታ ልጆቿን ይዛ እህቷ ጋ ተጠግታ ነበር።

ባሏ በየቀኑ አይመታትም። ይህንን ደጋግማ ትናገራለች፣ ለእሱ ጥብቅና የቆመች ይመስል። በየቀኑ የነበረው ሌላ ነገር ነው። የስልኳን ፓስወርድ እሱ ይይዛል። ደመወዟ በእሱ እጅ ነው። ከሥራ ስትወጣ በቪዲዮ ይደውልና አካባቢውን አዟዙራ እንድታሳየው ያደርጋል። እናቱም አብረዋቸው ይኖራሉ። ጩኸት ሲነሳ አማቷ የሬዲዮኑን ድምፅ ከፍ ያደርጉታል።

የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2021 ባወጣው ግምት፣ በዓለም ላይ ከ3 ሴቶች 1 ገደማ በሕይወት ዘመኗ አካላዊ ወይም ወሲባዊ ጥቃት ይደርስባታል። አብዛኛውን ጊዜ ጥቃቱን የሚያደርሰው ባል ወይም የፍቅር ጓደኛ ነው። ብቻዋን እንዳልሆነች እንድታውቅ ብዬ ይህንን ነገርኳት። ትንሽ አሰብ አደረገችና «እኔ ግን ከሁለቱ ነኝ» አለችኝ።

መጀመሪያ ያደረግነው

ማዕከሉ ያኔም አነስተኛ የሴቶች ቡድን ነበረው። እኔ ግን ወንድም ሴትም ወዳለበት ቡድን መደብኳት። ሰዓቱ ለእሷ ይመቻል የሚል ምክንያት ነበረኝ። እውነቱን ለመናገር ሌላም ነበር። ሁሉም ወንድ አንድ ዓይነት እንዳልሆነ በዓይኗ ብታይ ይጠቅማታል ብዬ አስቤ ነበር። የዋህነት ነው። ያንን ከእኔ መማር አያስፈልጋትም ነበር፤ ወንድም አላት፣ አባት ነበራት።

ቡድኑ ውስጥ ሦስት ወንዶች ነበሩ። ሁለቱ በልጅነታቸው፣ አንዱ ደግሞ በትዳር ውስጥ ጥቃት የደረሰባቸው ናቸው። ሦስቱም ጨዋ ሰዎች ናቸው። አራት ጊዜ መጣች። ከስሟ ሌላ አንድም ነገር ሳትናገር አራቱም ጊዜ አለፈ። እኔም ማስታወሻዬ ላይ «ዝምተኛ ናት፣ ጊዜ ያስፈልጋታል» ብዬ ጻፍኩ።

በአራተኛው ቀን ከሦስቱ አንዱ፣ ያውም በጣም ዝግ ያለው፣ አርፍዶ ገባ። ይቅርታ ጠየቀ። ቁልፎቹን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠና ተቀመጠ። እሷ ወዲያው ፊቷ የነበሩትን ወረቀቶች መሰብሰብ ጀመረች። ጠርዛቸውን አስተካከለች። የተበተኑትን እስክሪብቶዎች አንድ በአንድ ለቅማ በመስመር ደረደረች። ከእኔ በስተቀር ልብ ያለው የለም። እኔም ልብ አልኩ እንጂ አልገባኝም።

በሚቀጥለው ሳምንት ቀረች። በተስማማንበት ሰዓት ደወልኩላት። (መልእክት አንተውም፣ ጽሑፍም አንልክም። ስልኩን ማን እንደሚያየው አይታወቅም።) እንዲህ አለችኝ፦

«ሰውየው ምንም አላደረገኝም። ቁልፉን ስሰማ ግን ቤቴ ነበርኩ። ቁልፉ ጠረጴዛ ላይ ካረፈ እሱ ገብቷል ማለት ነው፤ ቤቱ መስተካከል አለበት።»

ቀጥላ የተናገረችው ነው ዋናው። «እዚያ ስቀመጥ የሚወራውን አልሰማም። የሦስቱን ፊት ነው የማየው። ከፋቸው? ሰለቻቸው? አንዱ ሲተነፍስ በምን ተናዶ ነው እላለሁ። ሰዓቱ በዚያ ያልቃል።»

አሜሪካዊቷ የሥነ አእምሮ ሐኪም ጁዲት ኸርማን እ.ኤ.አ. በ1992 ከጥቃት ማገገምን በሦስት ደረጃዎች ከፍላ አስቀምጣለች። መጀመሪያ ደህንነት፣ ከዚያ የሆነውን ማስታወስና ማዘን፣ ከዚያ ከሰው ጋር ዳግም መገናኘት። ይህንን ሥልጠና ላይ ስንቴ ለሌሎች አስረድቻለሁ! እሷን ግን ከሦስተኛው እንድትጀምር አደረግኳት።

ክፍሉን ማስተካከል

ወደ ሴቶቹ ቡድን ስትዛወር መጀመሪያ ምን እንደምትፈልግ ጠየቅኳት። ሦስት ነገር አለች። በሩን ማየት፣ ማን እንደሚመጣ ቀድሞ ማወቅ፣ «ለምን እስካሁን ቆየሽ?» አለመባል።

ቀላል ይመስላል። ሆኖም ክፍላችን ለአንዱም የተዘጋጀ አልነበረም። ወንበሮቹ ግማሹ ለበሩ ጀርባ ይሰጣሉ። የጥበቃ ሠራተኛው መልካም ሰው ቢሆንም፣ እንግዳ በመጣ ቁጥር በሩን አንኳኩቶ አንገቱን ብቅ ያደርጋል። አምፖል የሚቀይረው፣ ቧንቧ የሚጠግነው ባሻው ሰዓት ይገባል። ግድግዳው ላይ «ለሴቶች ብቻ» የሚል ወረቀት ለጥፈን በቃ ብለን ነበር።

ወንበሮቹን አዞርናቸው። በሩ ከውስጥ እንዲቆለፍ፣ ቁልፉ ግን ሁሉም በሚደርስበት ቦታ እንዲንጠለጠል አደረግን። ይህንን ያለችው ሌላ ተሳታፊ ናት። የተቆለፈ በር የሚያስጨንቃት ሴትም አለች፤ የተዘጋባት ሰው እንደገና እንዲዘጋባት አትፈልግም። የጥበቃ ሠራተኛው ነገር ሲኖር ለእኔ በስልክ ይደውላል እንጂ አያንኳኳም። ጥገና ወደ ሌላ ቀን ተዛወረ። ከሁሉም የረዳን እሱ፣ የጥበቃ ሠራተኛው ነው። ምክንያቱን ካስረዳነው በኋላ በውይይቱ ሰዓት ኮሪደሩን ራሱ ዝም ያሰኝ ጀመር።

ቡድኑ አራት ነገር ተስማማ። የሌላዋን ስምና ታሪክ ይዞ መውጣት የለም። መናገር ግዴታ አይደለም። ካልተጠየቁ በስተቀር ምክር አይሰጥም። መንገድ ላይ ብንገናኝ፣ ቀድማ ሰላም ካላለችን አናውቃትም። ሦስተኛውን ማክበር ከሁሉም በላይ ከበደ። ወደዚያ እመለሳለሁ።

ስልኩም አለ። ሎኬሽኗ ለባሏ ክፍት እንደሆነ ያወቅነው ያኔ ነው። የመጀመሪያ ስሜቴ «አሁኑኑ አጥፊው» ማለት ነበር። ደግነቱ የሥራ ባልደረባዬ አስቆመችኝ። የሚከታተል ሰው ድንገት ሲጠፋበት ነገሩ ሊከፋ ይችላል፤ ሴት ከባሏ የምትለይበት ወቅት ደግሞ ከሁሉም አደገኛው ነው። ስለዚህ ለጊዜው ስልኳን እህቷ ቤት ትታ መምጣት ጀመረች። መዝጋቱ የደህንነት ዕቅድ ከተሠራ በኋላ፣ በመረጠችው ቀን ሆነ።

ይህን ሁሉ ሳደርግ ትዝ የሚለኝ የቺስዊክ ቤት ነው። እ.ኤ.አ. በ1971 ኤሪን ፒዚ ከሌሎች ሴቶች ጋር በምዕራብ ለንደን፣ ቺስዊክ በሚባለው ሰፈር፣ አንዲት ቤት ከፈተች። ሲጀመር ሴቶች ተገናኝተው የሚያወሩባት፣ ከብቸኝነት የሚወጡባት ቤት ነበረች። በኋላ የተደበደቡ ሴቶች መጥተው መመለስ ሲፈሩ መጠለያ ሆነች። ዛሬ ከመጀመሪያዎቹ ዘመናዊ መጠለያዎች አንዷ ተብላ ትጠቀሳለች። መጀመሪያ የተገኘው መቀመጫና ጨዋታ ነው።

ድምፅዋ

ድምፅዋ ጎርናና ነው። ከመጣች ጊዜ ጀምሮ እንዲያ ስለሆነ የተፈጥሮዋ መስሎኝ ነበር።

በአዲሱ ቡድን በሦስተኛው ሳምንት አንዲት ሴት ስለ አንገቷ እያወራች ነበር። እጇን አንገቷ ላይ አድርጋ አሳየች። የእኛዋ ሴት በሩ አጠገብ ካለው ወንበሯ ቀና አለች።

«እሱማ እኔንም። ግን ማነቅ አልለውም። አንገቴን ይዞ ግድግዳ ላይ ነው የሚያስደግፈኝ።»

ክፍሉ ጸጥ አለ። አንገቷን ያሳየችው ሴት፣ ድምፅዋን ሳታነሳ፣ «እህቴ፣ ማነቅ ማለት እሱ ነው» አለቻት።

የመጀመሪያ ቅጿን አውጥቼ አየሁ። «ታንቀሽ ታውቂያለሽ?» የሚለው ጥያቄ አለ። መልሷ «አይ» ነው። ቅጹን የሞላላት ወንድ ባልደረባችን ነበር፣ ከጠረጴዛ ማዶ ተቀምጦ። አልዋሸችም። ማነቅ ማለት ለእሷ ሰው የሚሞትበት ነገር ነው። እሷ ደግሞ አልሞተችም።

ይህ መረጃ ሁሉን ነገር ቀየረው። እ.ኤ.አ. በ2008 አሜሪካ ውስጥ የታተመ ጥናት፣ በትዳር ወይም በፍቅር ጓደኛዋ ታንቃ የምታውቅ ሴት በኋላ በእሱ እጅ የመገደል አደጋዋ ከ7 እጥፍ በላይ እንደሚጨምር አሳይቷል። መታነቅ ብዙ ጊዜ ቆዳ ላይ ምልክት አይተውም። የሚታየው ድምፅ መጎርነን፣ ለመዋጥ መቸገር፣ ራስ ምታት ሊሆን ይችላል፤ ጉዳቱ ዘግይቶም ብቅ ይላል። በዚያው ቀን አንዲት ሐኪም እንድታያት አደረግን። ሐኪሟ ጉሮሮዋ መጎዳቱን አረጋግጣ ክትትል ጀመረችላት። የደህንነት ዕቅዷም ከመጀመሪያው ተሠራ፤ በሕግ በኩል የሚደረገውም ተፋጠነ።

እኔ አራት ሳምንት ሙሉ ያንን ድምፅ ሰምቼዋለሁ።

ሌላም ለውጥ ነበር፣ ያነሰ የሚመስል። በሁለተኛው ወር አካባቢ አንድ ቀን በውይይት መሃል እንቅልፍ ወሰዳት። እንዲያው ተቀምጣ ወንበሩ ላይ። የቀሰቀሳት የለም። አጠገቧ ያለችው ጫማዋን ቀስ አድርጋ ከእግሯ ሥር ገለል አደረገችላት። ስንጨርስ ነቃችና ደነገጠች፣ ይቅርታ ጠየቀች። «ከሰው ጋር ሆኜ ተኝቼ አላውቅም» አለች። ሪፖርት ላይ «ተሳትፎ የለም» ተብሎ የሚጻፍ ቀን ነው። እኔ ከሁሉም የተሳካ ብዬ ነው የያዝኩት።

ያልሠራው

ቡድኑ ውስጥ በ60ዎቹ ያሉ እናት ነበሩ። ሁሉም ይወዷቸዋል። የእኛዋ ሴት አንድ ቀን ፍቺ እያሰበች እንደሆነ ተናገረች። እሳቸው እጇን ያዙና በፍቅር፣ «ልጄ፣ ቻይው። እኔ 40 ዓመት ችዬ ልጆቼን ለቁም ነገር አብቅቻለሁ» አሏት።

እጇን ቀስ ብላ አስለቀቀች። ከዚያ ፊቷ የነበሩትን ወረቀቶች መሰብሰብ ጀመረች።

ይኼኔ ነው የገባኝ። «ቻይው» የአማቷ ቃል ነው። ሬዲዮኑን ከፍ አድርገው፣ ሲያልፍ በሩን ገርበብ አድርገው የሚሏት ቃል ነው። በሩን ለወንድ ዘግተን ያንን ቃል በሰላም አስገብተነዋል። ያለማስታወቂያ፣ በሴት ድምፅ፣ ከነፍቅሩ። ከመጀመሪያ ሳስበው ለእሷ ጥቃቱ የባሏ ብቻ አልነበረም። ሬዲዮኑም ነበረበት።

ከውይይቱ በኋላ እኚህን እናት ለብቻቸው አነጋገርኳቸው። «እትዬ፣ ለደግ ብለው እንደሆነ አውቃለሁ፤ ግን እዚህ ምክር እንዳንሰጥ ተስማምተናል» አልኳቸው። ዝም አሉ። ከዚያ፣ «ታዲያ መቻሉ ካልጠቀመ፣ እኔ 40 ዓመት ምን ሳደርግ ኖርኩ?» አሉኝ።

ለዚህ መልስ አልነበረኝም። አሁንም የለኝም። ያደረግነው ይህ ብቻ ነው፦ ሁላችንም «አንቺ እንዲህ አድርጊ» የሚለውን ትተን «እኔ እንዲህ ሆኜ ነበር» በሚለው እንድንናገር ተስማማን። እሳቸው ለመልመድ ወራት ወሰደባቸው። ሙሉ በሙሉ ለመዱ ማለት አልችልም። የእኛዋ ሴት ሁለት ሳምንት ቀርታ ተመለሰች፣ ወንበሯን ግን ከእሳቸው አራቀች።

ሁለተኛው ችግር የምስጢር ነው። ከተሳታፊዎቹ አንዷ፣ ስም ሳትጠራ፣ የሰማችውን ታሪክ ለጓደኛዋ አወራች። ጓደኛዋ ደግሞ ማን እንደሆነች ገመተች። ወሬው ዞሮ እህቷ ቤት ደረሰ። ከጥቂት ቀናት በኋላ ባሏ እህቷ በር ላይ ቆሞ ነበር። በወሬው ይሁን በሌላ መንገድ አላወቅንም፤ ለእሷ ግን ልዩነት የለውም።

ያወራችው ሴት አምና አለቀሰች፣ በራሷም ፈቃድ ከቡድኑ ወጣች። እሷም ጥቃት የደረሰባት ሰው ናት፤ ከዚያ በኋላ ወዴት እንደሄደች የተከታተላት የለም። ይህ የማዕከሉ ጥፋት ነው ብዬ አምናለሁ። ደንብ ጽፈናል፤ ደንቡ ሲጣስ ምን እንደምናደርግ ግን አልጻፍንም።

የልጁ ጉዳይ

ባሏ የእህቷን ቤት ካወቀ በኋላ መጠለያ አስፈለገ። የተገኘው መጠለያ እሷንና ሴት ልጇን ለመቀበል ዝግጁ ነበር። የ13 ዓመቱን ልጅ ግን አይቀበልም። ከ12 ዓመት በላይ ያለ ወንድ ልጅ እንዳይገባ የሚል ደንብ አለው። እሷ ልጇን ትታ አልሄድም አለች። በመጨረሻ በዘመድ እገዛ ሌላ ቦታ ክፍል ተገኘ። መጠለያው ያለው ጥበቃ አልነበረውም፣ ግን አብረው ሆኑ።

ደንቡ ለምን እንደወጣ ይገባኛል። እዚያ የሚኖሩ ሴቶች ኮሪደር ላይ የጎረመሰ ድምፅ ሲሰሙ ምን እንደሚሰማቸው አውቃለሁ፤ የቁልፍ ድምፅ ምን እንዳደረገ አይቻለሁ። ልጁ ደግሞ እናቱን፣ «እኔንም እንደ እሱ ነው የሚያዩኝ?» ብሎ ጠየቃት። ልጁ አባቱንና እናቱን ለመገላገል ስንት ጊዜ መሃል እንደገባ እኔ አውቃለሁ፤ የመጠለያው ደንብ አያውቅም።

ለሌሎች የሚጠቅመው

ተመሳሳይ ሥራ ለሚሠሩ ሰዎች ከዚህ ጉዳይ የማካፍለው በዋናነት ስለ ክፍሉ ጥቅም ነው። የሴቶች ብቻ ክፍል ጥቅሙ ወንዶች መጥፎ ስለሆኑ አይደለም። እሷ የሌላን ሰው ፊት ከማንበብ ሥራ እረፍት ስታገኝ ነው መናገርም፣ መስማትም፣ መተኛትም የጀመረችው። ስለዚህ ክፍሉን ስትመዝኑ «ማን ገባ?» ብቻ ሳይሆን «እዚህ የተቀመጠች ሴት አሁን ማንን እየጠበቀች ነው?» ብላችሁ ጠይቁ። ጥበቃ ሠራተኛውን ከሆነ በሩን አስተካክሉ። ከተሳታፊዎቹ አንዷን ከሆነ ንግግሩን አስተካክሉ።

ወረቀቶቹን ስትሰበስብ ሁለት ጊዜ አይቻለሁ። በመጀመሪያው ጊዜ «ዝምተኛ» ብዬ ጻፍኩ። የሰው እጅ የሚያደርገውን መመዝገብ ከዚያ ወዲህ ልማዴ ሆኗል።

የመመዝገቢያ ቅጽ ሲዘጋጅ የነገሩን ስም ሳይሆን ድርጊቱን ጠይቁ። አሁን የእኛ ቅጽ «አንገትሽን ይዞሽ ያውቃል? አንገትሽ ላይ ተጭኖሽ ያውቃል?» ይላል። ማን እንዲሞላላት እንደምትፈልግም አስቀድሞ እሷ ትጠየቃለች።

ደንብ ስትጽፉ የሚጣስበትን ቀን አብራችሁ ጻፉ። ለጎረመሱ ወንድ ልጆች ያላችሁን መልስ እናትየው በር ላይ ከመድረሷ በፊት አዘጋጁት፤ የተለየ መግቢያ ያለው ክፍል ቢሆን፣ ሌላ ቤት ቢሆን።

ስለ ወንዶቹም አንድ ነገር። በቀድሞው ቡድን የነበሩት ሦስቱ የሚሄዱበት የራሳቸው ቦታ አልነበራቸውም። ቁልፉን ያስቀመጠው ሰው ምን እንደተፈጠረ አያውቅም፤ ማወቅም የለበትም። እሱም ግን የራሱ ክፍል ይገባው ነበር፤ ለእሱ የተከፈተ ስለሌለ ነው ሁሉንም አንድ ላይ ያስቀመጥናቸው።

በመጨረሻ፣ ክፍሉ መውጫም ይኑረው። እኛ ዘንድ «መቼ ትወጫለሽ?» ተብሎ አይጠየቅም፣ «ቀጥሎ ምን መሞከር ትፈልጊያለሽ?» ይባላል። እሷ ከ14 ወር በኋላ የኮምፒውተር ሥልጠና ልጀምር አለች። ሥልጠናው ወንድም ሴትም ያለበት ነው፣ አስተማሪውም ወንድ ነው። በመጀመሪያው ቀን ማታ ደወለችልኝ። ሁለት ሰዎች ቁልፋቸውን ጠረጴዛ ላይ እንዳስቀመጡ ነገረችኝ። ወረቀቶቿን እንዳልነካች ነገረችኝ። የት እንደተቀመጠች ስጠይቃት ሳቀች። በሩ አጠገብ ነው።